በባንቲሁን አንገት ላይ ያለችው ቁልፍ

ባንቲሁን ሰው ሲያምን ዓይኑን ወደ መሬት ያደርጋል፤ ሲጠረጥር እጅ እጅ ያያል። በጅቡቲ ከተማ ከሄሮን ሰፈር በታች ባለችው የጀልባ ግቢ የሚያውቁት ሰዎች ዓይኑን መሬት ላይ ያገኙት ጥቂት ጊዜ ነው። ፊቱ የቆመው ሰው ምን እንደያዘ፣ ኪሱ ለምን እንዳበጠ ሳያጣራ ሰላምታ አይመልስም።

ይህን ያስተማረው መንገዱ ነው። ወጣትነቱን የጨረሰው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ ከባድ መኪና ሲያመላልስ ነው። በዚያ መንገድ ሾፌር የሚተኛው አንድ ዓይኑን ገልጦ ነው። ሁለቱንም ከከደነ ሲነቃ ሳልባትዮው፣ የናፍታ ጋኑ፣ በላስቲክ ቱቦ ተመጥጦ ባዶውን ያገኘዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ክዳኑን ቁልፍ ባለው ይቀይሩና ቁልፏን አንገታቸው ላይ ያስራሉ። ወገቡ ታሞ መኪና መንዳት ሲተው ባንቲሁን ከመኪናው ይዞ የወረደው ያንን ክዳን ብቻ ነበር።

አሁን የሚሠራው ለሐጂ ከሊፋ ነው። ሐጂ ድሬዳዋ ሲነግዱ አማርኛ የለመዱ ሽማግሌ ናቸው፤ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ከባሕር አስጎትተው በግቢያቸው ያሳድሳሉ። የሚጎትተው ከፈረንሳዮቹ ዘመን የቀረ የቤንዚን ትራክተር ነው። ባንቲሁን ሾፌሩም መካኒኩም ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም የሚታደሰው በዚሁ ሥራ ነው። ትራክተሩ ከቆመ እሱም ጅቡቲ ላይ መቆሚያ አይኖረውም።

የሰኔው ትኩስ ነፋስ ሳይገባ ጀልባዎቹ ከባሕር መውጣት ስለነበረባቸው ቀደም ብሎ ካርቡራተሩን ፈታ። በቤንዚን አጠበው፤ ጅግለሯን፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ፣ እፍ ብሎ አጸዳት፤ መልሶ ገጠመ። ሳልባትዮውንም እስከ አፉ ሞላው። ቀና ሲል ጃቢር በአጠገቡ አለፈ።

ጃቢር የግቢው ዘበኛ ነው፤ አሳይታ ያደገ አፋር፣ ሥራ ሲፈታ ጀልባ የሚቀባ። ቀትር ላይ ሁሉም ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ሲገባ ግቢው ውስጥ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሲያልፍ እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ባንቲሁን ከመኪናው ይዞት የወረደውን ክዳን ከዕቃ ሣጥኑ አወጣ፤ ልክ አልሆን ሲለው ከአሮጌ ጎማ ቀለበት ቆርጦ አስገባበትና ግጥም አደረገው። ቆለፈ፤ ቁልፏን አንገቱ ላይ አሰረ።

በማግስቱ ሞተሩ አንዴ እህህ ብሎ ዝም አለ። ካንዴላውን ፈቶ አየ፤ እሳቱ ደህና ነው። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ሲያላላ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ አለና ቆመ። ያጠበውን እንደገና አጠበ። ያው ነው። ደግሞ ሲፈታው እጁ ሥራ ላይ ነበር፤ ዓይኑ ግን ጃቢር እጅ ላይ ነበር።

ነገሩ በሐሳቡ እየተቀጣጠለ መጣ። ጃቢር የአጎት ልጅ አለው፤ የአጎቱ ልጅ ጀልባ መጎተት የሚችል ፒካፕ አለው። ፒካፑ በቅርቡ የግቢው በር ላይ ቆሞ ታይቷል፤ ትራክተሩ ከቆመ የመጎተቱ ሥራ ለማን ይሆናል? ያን ዕለት ጃቢር ወደ ትራክተሩ አይቶ ሳቀ። አሮጌ ትራክተር ምን ያስቃል?

ሐጂ መጥተው ነገሩን ሰሙ። የአስር ሶላት ሰግደው ሲመለሱ ትራክተሩ ካልተነሳ ቁርጥራጭ ብረት ገዢውን እንደሚጠሩ ድምፃቸውን ሳያነሱ ነገሩት። ያኔ ባንቲሁን አፉን ከፈተ፤ የጃቢርን በቀትር ብቻውን መቅረት፣ የእጁን ሽታ፣ የፒካፑን ነገር ዘረዘረና ጃቢር ቤንዚኑ ውስጥ አንድ ነገር ሳይጨምር እንዳልቀረ ተናገረ። ሐጂ ጃቢርን ጠሩት።

ጃቢር ብሩሹን ሳያስቀምጥ መጣ። "ጋሽ ባንቴ፣ እዚህ ያለው ጀልባ ሁሉ ሆዱ ቤንዚን ነው። ይህን ሁሉ ትቼ ያንተን አሮጊት ላም ልለብ? እጄንማ ቀለም ሲይዘኝ በምን ልታጠብ?"

ሐጂ ሁለቱንም አዩ። እውነት ሆኖ ከተገኘ ጃቢር እንደሚባረር፣ ትራክተሩ ካልተነሳ ደግሞ ባንቲሁን ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ነግረው ሄዱ።

ያን ቀን ቀትር ላይ ባንቲሁን ቤቱ አልገባም። ጃቢርም አልተኛም። አንዱ የትራክተሩ ጥላ ውስጥ፣ አንዱ የጀልባ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው እየተያዩ ቆዩ። በመጨረሻ ጃቢር ጋኑን ከፍቶ ቤንዚኑን እንዲያይ ነገረው። ባንቲሁን እንደቆለፈው፣ ቁልፏም ከአንገቱ እንዳልወረደች መለሰ።

"ታዲያ በየት በኩል ጨመርኩ?" አለ ጃቢር።

ባንቲሁን ተነስቶ ቁልፏን ከአንገቱ አወጣ። ክዳኑን ገና ሲያላላው አየር እያፏጨ ወደ ውስጥ ገባ፤ የታነቀ ሰው ሲለቁት እንደሚተነፍሰው። ወዲያው እግሩ ረጠበ። ከካርቡራተሩ ሥር ላልታ በቀረችው ቡሎን ቤንዚኑ ይፈስ ነበር።

የከባድ መኪና ጋን የሚተነፍሰው በሌላ ቀጭን ቱቦ ስለሆነ ክዳኑ ቀዳዳ አያስፈልገውም። ትራክተሩ ግን የሚተነፍሰው በክዳኑ ቀዳዳ ነው፤ አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። ካርቡራተሩን ጅግለር በጅግለር ሲመረምር፣ የሰው እጅ ሲያሸት፣ አንዴም ያልጠረጠረው የቆለፈውን ነበር።

ቡሎኗን አጠበቀ፣ የፈሰሰውን በአሸዋ ሸፈነ፣ ክዳኑን ሳይመልስ አስነሳው። ሞተሩ ተነሳ። ድምፁን ሰምተው ሐጂ በፍጥነት መጡና ጃቢር የጨመረው ምን እንደሆነ ጠየቁ።

ባንቲሁን እንደ ልማዱ እጅ አየ። የጃቢር እጅ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበረ። የራሱ እጅ ውስጥ ክዳኑ ነበረ። ካርቡራተሩ ውስጥ አሸዋ አገኘሁ ቢል ማንም አይመረምረውም፤ ጃቢር ራሱ ቤንዚኑ ለምን እንደፈሰሰ አልገባውም።

"እሱ የለበትም፣ ሐጂ" አለ። "ያፈንኩት እኔ ነኝ። ይህ ክዳን አያስተነፍስም።"

ሐጂ ክዳኑን ተቀብለው አገላበጡት፤ ወደ ኪሳቸው ከተቱትና ወደ ሥራው እንዲሄድ ወደ ባሕሩ በአገጫቸው አመለከቱት። የትራክተሩን የራሱን ክዳን አምጥቶ የገጠመው ጃቢር ነው። ከዚያ የጀልባውን ገመድ ለባንቲሁን አቀበለው።

ቁልፏ አሁንም አንገቱ ላይ አለች፤ የምትከፍተው ነገር ግን የለም። ጃቢር በየጠዋቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ "ፈትሽ፣ ጋሽ ባንቴ" ይለዋል። ባንቲሁን አፍሮም ቢሆን ያያል። ከዚያ ነው ዓይኑን ወደ መሬት የሚያደርገው።