በዐቢይ ጾም የተሰጠ ወተት

ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ። ዝምታዬ ጸጸት የመሰላቸው አሉ፤ አይደለም።

ጦርነቱ ካርቱምን ከማፍረሱ በፊት፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ባለቤቴ የሳንባ ምች ጸንቶባት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። ራሷን አታውቅም፤ ምግብ የሚደርሳት በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነበር። ሱዳናዊቷ ነርስ «ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ ይህ የተንጠለጠለው ግሉኮስ ምግብ አይደለም። ካልበላች ሰውነቷ የራሱን ሥጋ ይበላል» አለችኝ። ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላልና ጥቂት ዘይት አንድ ላይ ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ፣ ከቤት እንዲመጣ አዘዘች።

በካርቱም ገበያ፣ በሱቅ ዐረቢ፣ የሰው ሰነድ ከዐረብኛ ስተረጉም የኖርሁ ሰው ነኝና ትእዛዙን በአማርኛ አስተካክዬ ጻፍሁ። ወረቀቱን ከባለቤቴ ጋር በአንድ የጽዋ ማኅበር ላለች ጎረቤታችን ሰጠኋት፤ እኔ ከአልጋው አጠገብ አልለይም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቱቦው ተዘጋ። ነርሷ በሲሪንጅ ስትስበው የሚያዳልጥ ሙጫ ወጣ። አሸተተችው። «ሒልባ» አለች።

አብሽ ነበር። አዲስ ቱቦ እስኪገባላት ድረስ ባለቤቴ እስከ ከሰዓት ያለ ምግብ ዋለች።

ጎረቤቴን በኮሪደሩ አገኘኋት።

«ወተቱስ?»

«ጋሼ፣ እርሷ እኮ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ የማትቀምስ ናት። ተኝታ ላስገድፋት? አብሽ በተልባ አደረግሁላት። አጥንት ይጠግናል።»

«ቱቦውንም ጠገነው።»

አልሳቀችም። «ነቅታ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?»

«እንድትጠይቅሽ መጀመሪያ መንቃት አለባት። ከነቃች መልሱን ለእኔ ተዪው።»

የማኅበሩ ሴቶች የንስሐ አባቷ ከገዳሪፍ እስኪመለሱ እንድጠብቅ መከሩኝ። ሕጉ ድውይን ከጾም እንደሚያወጣ ከእነርሱ ይልቅ አውቃለሁ፤ ሆኖም አልጠቀስሁላቸውም። ሚስቴን ለማብላት ማስረጃ ማቅረብ አልፈለግሁም።

በስድሳ ስምንት ዓመቴ እንቁላል መቀቀል ተማርሁ። የመጀመሪያዎቹን አሳረርኋቸው፤ ውሃው አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ወተቱን ራሴ እያዘጋጀሁ ወሰድሁ። በጥየቃ ሰዓት፣ ሴቶቹ ቆመው እያዩ፣ ነርሷ እንዳስተማረችኝ የባለቤቴን ራስ ቀና አድርጌ በሲሪንጅ ወደ ቱቦው በቀስታ አፈሰስሁት። አንዲቱ «እግዚኦ» አለች።

«ኃጢአቱ በእኔ ይጻፍ» አልሁ፤ ሲሪንጁንም እንደገና ሞላሁ።

ቱቦው የወጣላት ከሆሳዕና በፊት ነው። ድምጿ እንደ ተመለሰ ምን ስሰጣት እንደ ሰነበትሁ ጠየቀችኝ። ወተቱን ነገርኋት፤ እንቁላሉንም አልደበቅሁም። እንደገና ቢመጣም እንደማደርገው ጨመርሁላት።

አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው ግን ማንም ሳይደግፋት፣ በራሷ ጉልበት ነበር።