ቦይናን የሚለካ ትምህርት

ሥራ የጀመርኩት በዴሳ ከተማ አጠገብ፣ በአንድ የበቆሎ ማሳ ላይ ነው። ሶዶ ያለው መሥሪያ ቤታችን ገመድ፣ ችካልና የእጅ ሚዛን አስይዞ ምርት እንድለካ ላከኝ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከማሳው ትንሽ ቦታ በዕጣ ትመርጫለሽ፣ በገመድ ትከልያለሽ፣ ውስጡ ያለውን ሰብስበሽ ትመዝኛለሽ፤ ከዚያ ተነሥተሽ የሙሉውን ማሳ ምርት ታሰያለሽ። በበቆሎው ተሳካልኝ።

ቀጥዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አየለች ቦይና ተክለዋል፤ ሌላው አገር ጎደሬ የሚለው ነው። ገመዴን ሲያዩ ደነገጡ።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ ልጄ?»

«ነቅዬ ልመዝነው።»

«ሁሉን ባንዴ? ቦይና እኮ ለራት የሚበቃውን ብቻ ነው የምናወጣው፤ የቀረው አፈር ውስጥ ይቆያል። ዛሬ ነቅለሽው ብትሄጂ ነገ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

ገመዴን ጠቀለልኩ። ቢሮ ስመለስ የቡድን መሪያችን አቶ መርክነህ «ካለፈው ዓመት ቁጥር ላይ ትንሽ ጨምሪና ቅጹን ሙዪው» አለኝ። አቶ የምለው ለወጉ ነው። ስንቱ ቤት በልቶ የሚያድረውን ሥራሥር ከወንበሩ ሳይነሣ ለካው! እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሁለተኛ ዲግሪ የፈለግኩት ለዚህ ነው። ተግባራዊ ስታትስቲክስ፣ በተለይ የናሙና ጥናት። በጥቂት በጥቂቱ እየተቆፈረ የሚበላ ሰብል እንዴት ይለካል? ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። የመግቢያ ፈተናውን አለፍኩ። የቀረኝ የመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

አቶ መርክነህ አልፈርምም አለ።

«ኢኮኖሚክስ ነው መማር ያለብሽ። ሁላችንም እሱን ነው የተማርነው፤ ለእድገትም ይሻልሻል። ስታትስቲክስ ለቆጣሪ ነው።»

«የምትተነትኑትንስ ማን ይለካላችኋል?»

«ቁጥር ሞልቶናል፣ እህቴ። የጠፋው ተንታኝ ነው።»

የስታትስቲክሱ ምዝገባ አለፈኝ። እሱ የፈረመልኝ ለኢኮኖሚክስ ነበርና እያረርኩ ገባሁ። ትምህርቱን አልወቅሰውም፤ ስለ ዋጋ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ቤተሰብ ፍጆታ ብዙ አስተምሮኛል። ለመመረቂያ ጽሑፌ የሥራሥር ምርትን መረጥኩ። አማካሪዬ ዳታውን በፍላሽ ሰጡኝ። ከፈትኩት፤ የኛው ቢሮ ቁጥር ነው። ቦይና በየዓመቱ ትንሽ ይጨምራል፣ በየዓመቱ ያችኑ ትንሽ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት እንኳ!

«ዶክተር፣ ይሄ ልኬት አይደለም። ማሳውን የረገጠ ሰው የለም።»

«ኦፊሴላዊ ዳታ ነው። ያንቺ ሥራ ሞዴሉን መሥራት ነው።»

ርዕስ ቀየርኩ። ስለ በቆሎ ዋጋ ጽፌ ተመረቅኩ። አቶ መርክነህ «አላልኩሽም?» ብሎ ጨበጠኝ። እጄን ልነጥቀው ምንም አልቀረኝም።

አሁን ቢሯችን የሚገቡ ወጣቶች «ኢኮኖሚክስ ይሻላል ወይስ ስታትስቲክስ?» ይሉኛል። እኔም የምላቸው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማወቅ የምትፈልጉትን ያዙ፤ ትምህርቱን በእሱ ምረጡ። አለቃ አይምረጥላችሁ። እኔ ማስተርስ አለኝ። የወይዘሮ አየለች ቦይና ግን እስከ ዛሬ አልተለካም።