የወንድምየው ተራ

ጆሃንስበርግ በወረርሽኙ ምክንያት ስትዘጋ እኔ ሮዘተንቪል ሰፈር፣ ታናሽ እህቴ በተከራየችው ቤት እንግዳ ነበርኩ። ከጡረታ በኋላ ለአጭር ጊዜ ልጠይቃት መጥቼ በረራው ተቋረጠ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው፤ ከእጄ የወጣ ደብዳቤ ለእርማት ተመልሶ አያውቅም።

ምድር ቤት የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት አንዲት አይሁዳዊት አዛውንት ነበሩ። ናዚዎች አይሁዶችን እያደኑ በሚገድሉበት በዚያ ጦርነት፣ ልጆች ሳሉ፣ እሳቸውንና ወንድማቸውን አንድ ገበሬ ጎተራው ውስጥ ደብቋቸዋል። ወረቀት ስላልነበረ ሁለቱም የዕለት ማስታወሻቸውን በአንድ ደብተር ጻፉ፤ እሳቸው ከፊት፣ ወንድምየው ከኋላ ጀምረው። ወንድምየው በስተርጅናው ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በታይፕ ጻፈውና ወረርሽኙ ሳይመጣ ሞተ። የአዛውንቷ ዓይን ደክሟል። ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሊሰሙት ፈለጉ።

“እኔ አነብልዎታለሁ” አልኩ ወዲያው።

ወደ እህቴ ጠቆሙ። “እሷ ታንብብልኝ። ከወንድሟ ጋር ስትጣላ ሰምቻታለሁ።”

ጀፕስታውን ያለው ሱቋ ተዘግቶ ስለነበር እህቴ ጊዜ ሞልቷታል። ጭንብሏን አጥልቃ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፤ አዛውንቷ በራቸው ላይ ወንበር ያወጣሉ። እኔ ላይኛው ደረጃ ላይ ጋዜጣ የማነብ መስዬ አዳምጣለሁ። እንግሊዝኛዋ ከደንበኞቿ የተለቀመ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ አታከብርም። አሳዛኝ ቦታ ስትደርስ ጽሑፉ ላይ የሌለ “ኤሽ”፣ የአገሬውን “ወይኔ”፣ ትጨምራለች፤ አዛውንቷም “ኤሽ” ብለው ይመልሱላታል። እሷ በዙሉ “ጎጎ”፣ አያቴ፣ ትላቸዋለች። እኔን “ሚስተር” ይሉኛል። መጀመሪያ በንባቡ ቀናሁ፤ እየቆየ ግን አብረው የሚስቁት ሳቅ ይበልጥ ያንገበግበኝ ጀመር።

የአዛውንቷ ገጾች ሲያልቁ “አሁን የወንድሜ ተራ ነው፤ ሚስተር ይውረዱ” አሉ።

ኮቴን ለብሼ ወረድኩ። ቆሜ፣ ቀኑንና ቦታውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

“ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤት ሰርኩላር ነው እንዴ?” አለች እህቴ።

ቀጠልኩ። “ዛሬ እንቁላል መጣ። ሳል ስለያዛት ለእሷ ተሰጠ። ነጩን አካፈለችኝ፤ አስኳሉን ዓይኔ እያየ ዋጠችው። ነገ እኔም እስላለሁ። ግን መንገድ ላይ ያሉት ወታደሮች ይሰሙናል። አልስልም።”

አዛውንቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እንዲህ ተናዶ አልጻፈውም።”

“ቃሉ ይኸው ነው።”

“ቃሉንማ አውቀዋለሁ። እንደገና።”

ደገምኩት። ያው ሆነ።

“ጋሼ” አለች እህቴ በአማርኛ፣ “ሳል ሲይዘኝ እማዬ የሰጠችኝን ማር ነው እኮ የምታነበው።”

“ማር ብቻ አልነበረም፤ ቅቤም ነበረበት” አልኩ፣ ሳላስበው።

አዛውንቷ ምን እንደተባባልን ጠየቁ። እህቴ ነገረቻቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ጭንብላቸውን ዝቅ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉ።

“ወንድሜ ማለት ይኸው ነው” አሉ። “ቅቤውን ባሉበት ድምፅ ይቀጥሉ።”

“ከቀኑ ልጀምር?”

“ከእንቁላሉ።”