የጢዮ ዳጉ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ ሙሉ፣ ልጃችን ህሊና፣ እጮኛዋ ዮናስ፣ አባቱ አቶ ተክሉ እና ሽማግሌ ሆነው የመጡት ጋሽ መኮንን ነን። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ የደረቀ አሳ ሽታ ፊቴን ሲመታኝ ያ ሁሉ ነገር ተመለሰብኝ።

ያ ሽታ ለእኔ ልጅነቴ ነው። ጢዮ ከአሰብ በስተሰሜን በቀይ ባህር ዳር ያለች ትንሽ የአሳ አጥማጆች ከተማ ናት፤ አባቴ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆነው ተመድበውባት ነው ያደግኩባት። ሻርክ ተሰንጥቆ በገመድ ላይ ሲሰጣ ሽታው ከልብሳችንም ከዳቧችንም አይለቅም፤ የሚጠጣው ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ንፋሱ አሸዋ ይዞ ሲመጣ እናቴ ድስቱን በእርጥብ ጨርቅ ብትሸፍነውም ወጡ ጥርስ ስር ይንቀጫቀጫል። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ግን ከተማዋ በሙሉ ወደ ባህሩ ትወርዳለች፤ ሽማግሌዎቹ አያቶቻቸው ከየመን ጋር ስለነገዱት ዕንቁ ያወራሉ፣ እኛ ልጆች ደግሞ አሳ እየሰረቁ በሚበሩት ወፎች እንስቃለን። ከከተማዋ አፋሮች የተማርኩት ትልቁ ነገር ዳጉ ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል፤ ዳጉ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። በትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ሰውን የምመዝነው በዚህ ነበር።

የአገራችን ሚሊኒየም በተከበረ ማግስት አቶ ተክሉ እዚሁ አሜሪካ ካለችው አሌክሳንድሪያ ከጋሽ መኮንን ጋር ህሊናን ለልጃቸው ሊጠይቁ መጡ። ሽማግሌ መላክ ሲገባ አባት ራሱ መምጣቱ አላማረኝም። ጋሽ መኮንን ነገሩን ሊያለዝቡ፣ “እንኳን ልጆቹ አባቶቹም ተገናኝታችኋል፤ ተክሉ እኮ ጢዮ ኖሯል” አሉ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ። በዚህ አገር ሰው የፈለገው ከተማ ልጅ ነኝ ቢል ማን ይመሰክርበታል? አቶ ተክሉ ስለ ነጩ አሸዋ፣ ስለ ደሴቶቹ፣ ፀሐይ ስትወጣ ስላለው የባህሩ ቀለም እንደ አስጎብኚ ተናገሩ። ስለ ሽታው አንድ ቃል የለም። የማይሸት የአሳ ከተማ በፖስትካርድ የታየ ነው ብዬ በሆዴ ያዝኩ።

“የጢዮ ሰው ከሆኑ እንግዲያው ዳጉ ይስጡኝ” አልኳቸው።

“ኧረ እኛ ልጅ ልንጠይቅ እንጂ ግሪን ካርድ ልናሳድስ አልመጣንም!” ብለው ጋሽ መኮንን ቤቱን አሳቁት።

አቶ ተክሉ አልሳቁም። ዳጉ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የአባታቸውን የጨው ቀረጥ ሥራ፣ የተከራዩትን ቤት፣ የጎረቤታቸውን ፍየል ሳይቀር ነገሩኝ። “ለምን ለቀቃችሁ?” ስላቸው ግን መሬት መሬት አዩ።

“እሱ ይቅር” አሉ።

“ዳጉ ላይ ይቅር የለም።”

ህሊና ከጓዳ ወጥታ “አባዬ፣ ኢንተርቪው አደረግካቸው እኮ! ፕሊስ!” አለች። ሙሉ በክርኗ ጎሰመችኝ። እኔ ግን ግማሹን የደበቀ አባት ስለ ልጁም የሚደብቀው አያጣም ብዬ፣ “ልጄን አልሰጥም፤ ሁለተኛም አትመላለሱ” አልኩ።

ህሊና አልጠበቀችኝም። አናንዴል የሚባል ሰፈር አዳራሽ ተከራይተው ተጋቡ፤ ሙሉ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ። ሙሉ ከሠርጉ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የዮናስ እናት የነገሯትን ነገረችኝ። የአቶ ተክሉ ታላቅ ወንድም ጢዮ ባህር ገብቶ ሰጥሞ ሞቷል። ቤተሰቡ ወዲያው ከተማዋን ለቀቀ፤ እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ የባህር ስም ቤት ውስጥ አልተነሳም፤ አቶ ተክሉም ስለ ጢዮ ከተጠየቁ የሚያምረውን ብቻ ይናገራሉ።

ሰምቼ ተቀመጥኩ፤ ልጁ የሰጠመበትን ቀን አስታውሰዋለሁና። ፀሐዩ እንደ እሳት ነበር። ጀልባዎቹ ሁሉ ወጥተው ይፈልጋሉ፣ ከተማው አሸዋው ላይ ቆሟል፣ አንዲት የደጋ ሴት ከነልብሷ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ትጣራለች። አንድ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ቀሚሷን ይዞ ነበር። ሄጄ አብሬው ልቆም ስል አባቴ ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

ለአቶ ተክሉ ደወልኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። “እግዜር ይስጥልኝ” ብለው ዘጉት። ሴት ልጅ ያለው አባት መጠየቁን ዛሬም አላወግዝም፤ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅላታል? መልስ ያጣ ሁሉ ግን ውሸታም አይደለም፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም ነበር።

ጥርጣሬዬ ያስከፈለን እንግዲህ ይህ ነው። ልጄ ያለ አባቷ ምርቃት ተዳረች። ዮናስ ቤቴ ሲመጣ እስከ ዛሬ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጋሽ መኮንን ከዚያ ወዲህ ሽምግልና ሂዱ ሲባሉ እግሬን አመመኝ ይላሉ፤ ሙሉም በሁለት ቤት መካከል ቃል ስትመርጥ አረጀች። አቶ ተክሉና እኔ ደግሞ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል ያንን ባህር ዳር አብረን ያየን ሁለት ሰዎች፣ በልጅ ልጃችን ልደት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ትራፊክ እናወራለን።