የቀኙ ክንፍ ክሮች

ባለፈው ሰሞን ለልጄ የትምህርት ቤት ቀሚስ የወገብ ላስቲክ ልገዛ ሰፈሬ ካለችው የስፌት ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጎረምሳ አንድ ክንድ ለክቶ ሲሰጠኝ፣ እጄ ሳላዘው ላስቲኩን ወጥሮ ያዘ። በሆዴ እስከ አስር ቆጠርኩ፤ ለቀቅኩት፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ አስተኝቼ መርዘም አለመርዘሙን አየሁ። ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ማዘር፣ ላስቲክ እኮ ነው፤ የፒያሳ ወርቅ አስመሰሉት» አለኝ። አርፈህ ሥራህን ሥራ ብዬው ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ግን ጌታሁንን እያሰብኩ ነበር።

ጌታሁን ታላቅ ወንድሜ ነው። ልጅ እያለሁ ቤታችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። አባታችን ገና እኔ ሳላውቀው ሞቷል። እማዬ የስልክ ኦፕሬተር ስለነበረች በፈረቃ ትሠራለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት የሚያመጣኝም፣ ምሳዬን የሚሰጠኝም፣ ሲፈልግ የሚያበሽቀኝም እሱ ነበር። እሱ አሥራ ስምንት፣ እኔ አሥር ዓመቴ። ጓደኞቹ ወደ ውቤ በረሃ መጠጥ ቤቶች ብቅ ማለት ሲጀምሩ እሱ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ትንሽዬ አውሮፕላን ይገጣጥማል።

አውሮፕላኑን ከነካርቶኑ የሰጠው አንድ የውጭ አገር አስተማሪው ነው፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲያድል። የጥንት አውሮፕላን ሞዴል ነው፤ ሁለት ክንፍ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ፤ ርዝመቱ ከኔ ክንድ አይበልጥም። ሌላው ሁሉ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። የላይኛውንና የታችኛውን ክንፍ ወጥረው የሚይዙት ሽቦዎች ግን ካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል ብቻ ናቸው። ለእነሱ የሚሆን ክር ራሳችን መፈለግ ነበረብን።

መጀመሪያ የእማዬን የስፌት ክር ሞከርን። ቀረብ ብለው ሲያዩት ጸጉር ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ረግቦ ተንጠለጠለ። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አመጣ፤ እሱም እየተጠቀለለ ከማጣበቂያው ይላቀቃል። በመጨረሻ ድልድዩ አጠገብ የስፌት ዕቃ የሚሸጡት ጋሽ ሱልጣን ችግራችንን ሰምተው አንድ ክንድ የሱሪ ላስቲክ ቆረጡልን። «ፍቱት፤ የምትፈልጉት ውስጡ አለ» አሉን። ስንተረትረው እውነትም ውስጡ ቀጫጭን የጎማ ክሮች ተደርድረዋል።

ጌታሁን ከአንድ ላስቲክ ሃያ የሚያህል ክር ያወጣና ሦስት አራቱን ብቻ ይመርጣል። ወጥሮ ይይዛል፣ አስር ይቆጥራል፣ ይለቃል። ክሩ ወደ ቀድሞ ልኩ ካልተመለሰ «ይሄ ሰነፍ ነው» ብሎ ይጥለዋል። የተመለሰውን ደግሞ መስኮት ላይ ይዞ በብርሃን ያየዋል፤ የተፋቀች ቦታ ካለችው እሱም ይወድቃል። ያለፈውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ያደርቀዋል። አንዱን ጫፍ ላይኛው ክንፍ ላይ አጣብቆ እስኪደርቅ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ሌላውን ጫፍ ታችኛው ክንፍ ላይ ያደርግና እኔ በወረንጦ እይዘዋለሁ። «እንዳትስቢው፤ እንዳይረግብ ብቻ ያዢው» ይለኛል። ሁለት መቶ እስክቆጥር አልተነፍስም ማለት ይቻላል። የማጣበቂያው ሽታ አፍንጫዬን ያቃጥለዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አጥብቆ የፈለገኝ ሰው የለም።

የግራው ክንፍ ስምንት ክሮች እንዲህ አለቁ። የደረቀውን በጣቴ ጫፍ ስነካው እሺ ብሎ ይጎብጥና ይመለሳል፤ ጌታሁን እጄን መታ ያደርገኛል፤ እኔም መልሼ እነካዋለሁ።

የቀኙን ሳንጀምር ስሙ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣ። በሄደበት ጠዋት የክብሪት ቀፎ ሰጠኝ፤ የመረጣቸው ስምንት ክሮች ተጠቅልለውበታል። «የቀኙን ስመጣ አብረን እንጨርሰዋለን። ብቻሽን አትንኪው፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል» አለኝ። እሺ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከትምህርት ቤት ብቻዬን እመጣለሁ፤ እማዬ እስክትመጣ ከውስጥ ቆልፌ እቀመጣለሁ። የሰፈር ልጆች ደጅ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ እንዳልወጣ ግን ተከልክያለሁ። ምሳዬን አውሮፕላኑ ፊት ቁጭ ብዬ እበላለሁ። የዋልኩትን የምነግረውም ለእሱ ነበር። ልጅነቴ ብቸኛ ነበር ስል ሰው የማጋንን ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከአውሮፕላን ጋር ሳወራ ውያለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከሦስት ወር በኋላ መጣ። እማዬ እያነበበች አለቀሰች። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ቃሌን አፈረስኩና ከቀፎው አንድ ክር ፈታሁ። በልጅ አእምሮዬ ለአንድ ደብዳቤ አንድ ክር ብዬ ወሰንኩ፤ ስምንተኛው ሲያልቅ ይመጣል። የሚይዝልኝ ሰው ስለሌለ የክሩን ጫፍ በታችኛው ክንፍ ቀዳዳ አሾልኬ የልብስ መቆንጠጫ አንጠለጠልኩበትና እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ኮራሁ፣ ሁለት ሰው ሳያስፈልግ ሠራሁት ብዬ።

ስድስት ደብዳቤ መጣ፣ ስድስት ክር ወጠርኩ። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። አንድ ቀን ከበሩ በኩል ቆሜ ሳየው የላይኛው ክንፍ ወደ ቀኝ ወርዷል። መቆንጠጫው ከኔ ጣት ይከብዳል፤ እያንዳንዱን ክር ከልኩ በላይ ስቦት ኖሯል። የአንዱ ክር ስበት ምንም አይመስልም ነበር፤ ስድስቱ አንድ ላይ ግን ክንፉን አጣመሙት። እማዬ ስትጽፍለት እኔም ከሥር ሁለት መስመር እጨምር ነበር፤ ይሄን ግን አልጻፍኩለትም።

በአምስተኛው ዓመት መንግሥት ሲለወጥ፣ ወታደሩ በየመንገዱ በእግሩ ሲመለስ፣ ጌታሁንም በራችን ላይ ቆመ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ እማዬ እንኳ ወዲያው አላወቀችውም። እኔ ሞኟ በደስታ ጨርቄን ልጥል ደርሼ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ አውሮፕላኑን አምጥቼ ፊቱ አቀረብኩለት። አየው፤ ፊቱ ተለወጠ። «አውጪልኝ» አለ በቀስታ። «ከፊቴ አውጪልኝ።» ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

በክንፉ ተቆጣ ብዬ ነው ያሰብኩት። ብቻሽን አትንኪው ብሎኝ ነክቼ፣ አጣምሜ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት፤ እሱ አልጠየቀም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ከጦር ግንባር ከተመለሰ ወዲህ በሰማይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጉርሻው አፉ ውስጥ እንደሚቀር እማዬ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ዝም መባባሉን ለምደነው ነበር።

አሁን ሰፈራችን የለም፤ ፈርሷል። እማዬም የለችም። እኔ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ፣ እሱ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ለበዓል እንደዋወላለን፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ አለቀ። አውሮፕላኑ ግን በየሄድኩበት ይከተለኛል። ላስቲኩን የገዛሁ ዕለት አወረድኩት። የሱም የኔም ክሮች ደርቀው ኖሮ ስነካቸው ተሰበሩ። ክንፉ እንደተጣመመ ቀርቷል። ቀፎው ላይ ሁለት ክር አለ፣ እነሱም አይረቡም።

ደወልኩለት። በዓል ስላልሆነ ደነገጠ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ላስቲክ ገዛሁ» አልኩት። ቀጠልኩ፦ «የቀኙን ክንፍ ያኔ ብቻዬን ነክቼው ነበር። ያጣመምኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ ክንፉን መች አየሁት» አለ። ከዚያ «ላስቲኩን ፈትሸሽዋል?» አለኝ።

«አስር ቆጠርኩ። ተመለሰ።»

«በይ እሁድ እመጣለሁ። መነጽሬን ካልረሳሁ። ወረንጦ አለሽ?»

አለኝ አልኩት። ላስቲኩን ተርትሬ ጨርሻለሁ፤ የልጄ ቀሚስ እስካሁን በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፣ እሷም እያጉረመረመች ነው። ወረንጦ አልነበረኝም። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ገዛሁ።