ጭቃ የለበሰው ምድጃ

ጽሑፍ እምብዛም አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ስለ መምህር ሚልክያስ ግን ሌላ የሚጽፍ ካጣሁ፣ እስቲ እኔ ልሞክር።

መምህር እዚህ ሶዶ ፊዚክስ ያስተምራሉ። ክሪስታል ያበቅላሉ፤ አዎ፣ ማብቀል ነው የሚሉት። ብረትና ሴሌኒየም የሚባል ነገር ከጨው ጋር ቱቦ ውስጥ ይዘጉና፣ በመብራት የሚሠራ ምድጃ ውስጥ አጋድመው አርባ ቀን ያቆዩታል። የሚወጣው ክሪስታል በኃይለኛ ብርድ ኤሌክትሪክን ምንም ሳያባክን ያሳልፋል አሉኝ። ውጭ አገር ያለ ጓደኛቸው ደግሞ በሁለት አልማዝ መሀል ጨምቆ ይመረምረዋል።

የመጀመሪያው ተበላሸ። መብራት ጠፍቶ ምድጃው ቀዘቀዘ። የቀራቸው አንድ ቱቦ ብቻ ነበር። ገበያ መጡና ለሽያጭ የዘረጋሁትን ማሰሮ እያገላበጡ፣

«እህቴ፣ ሙቀት ቶሎ የማይለቅ የትኛው ነው?» አሉኝ።

አጠገቤ ያሉት ሳቁ። እኔም አፈርኩ። ቀስ ብዬ፣ «የተፈጨ ገልና ገለባ የተደባለቀበት ጭቃ» አልኩ።

በማግስቱ ቤቴ መጡ። እኛ ሸክላ ሠሪዎች ጋ ሰው ተጸይፎ አይበላም። ጎደሬ ቀቅዬ ነበር፤ ለመጋበዝ ፈራሁ። እሳቸው ግን፣ «ለእኔ የለም?» ብለው ቁጭ አሉ።

ከዚያ የሚሠሩበት ወስደውኝ፣ ምድጃውን ጭቃ ደርቤ አለበስኩት።

«ወፈረብን እኮ!» ሲሉ፣

«እርጉዝ ነው፣ መምህር» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

የቀረው ቱቦ በገባ በሃያኛው ቀን፣ የጭቃውን ስንጥቅ ልደፍን ሄጄ ሳለ መብራት ጠፋ። ለዚህ ብለው ያመጡት ጀነሬተርም እምቢ አለ። መምህር ጭንቅ ብሏቸው ክዳኑን ከፍተው ሊያዩ ሲሉ፣ «አይክፈቱ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። «ሸክላ ስንተኩስ ንፋስ ከገባ ሁሉም ይሰነጠቃል። ይተዉት።»

እጃቸውን መለሱ። በባትሪ የሚሠራውን የሙቀት መለኪያ እያየን ተቀመጥን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀነሬተሩ ሲነሳ፣ ሙቀቱ የወረደው ትንሽ ነበር።

በአርባኛው ቀን አስጠሩኝ። ቱቦውን ሰበሩ፣ ጨዉን አጠቡ። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቁ ስስ ነገሮች ወረቀቱ ላይ ቀሩ።

«ወንድ ነው ሴት?» አልኳቸው።

መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

ክሪስታሉን ውጭ አገር ላለው ጓደኛቸው ሲልኩ፣ ምድጃውን ያለበሰችው ፈጠነች ብሩ ናት ብለው አብረው ጻፉ። በፈረንጅኛ ነው፤ ስሜ የቱ ጋ እንዳለ በጣታቸው አሳዩኝ።

ከዚያ ወዲህ ጎደሬ ስቀቅል አንድ ሁለት እጨምራለሁ። መምህር ይመጣሉ።