የአያቴ ስም ያልከፈተው በር

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ስለተሳቀብኝ አይደለም፤ መሳቂያ መሆንን ለምጄዋለሁ። ማንንም አትመኑ እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ራሴን ያለአንዳች ጥርጣሬ አምኜ ስለተገኘሁ ነው።

እዚያ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ደህንነት አስተምራለሁ። ኃላፊዋ ዘሃራ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ናት። በዚያ ሰሞን በጣም የምወደውን ትምህርት ልትሰርዝብኝ ተነሳች።

«ጊዜው አልፎበታል» አለችኝ።

«የመደመር ጊዜም ያልፋል በይኛ!»

«እሺ፣ ቅዳሜ ገብቼ አየዋለሁ። ከሠራ ይቆያል፤ ካልሠራ ይወጣል።»

ትምህርቱ ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ስም ይጠይቃል። ለስሙ በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ጠባብ ቦታ ተሰጥቶታል፤ ቀጥሎ «ይግባ» ወይም «አይግባ» የሚል ምልክት አለ። ርዝመቱን የሚቆጣጠር የለም። ስሙን አስረዝመህ ስትጽፍ ትርፉ ወደ ጎረቤት ይፈስና ምልክቱን ያበላሸዋል፤ ፕሮግራሙም «ይግባ» ይላል። ለዓመታት ሠርቶልኛል። ስለዚህ ማሠልጠኛው ባስገባቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ቀድሞ መሞከርን እንደ ስድብ ቆጠርኩት።

ዘሃራ ከኋላ ተቀመጠች። ስለ ሰው ልጅ ተላላነት ረዘም ያለ ንግግር ካደረግሁ በኋላ «አሁን ይህ በር በገዛ ራሱ ይከፈታል» ብዬ ስሜንና የአባቴን ስም ጻፍኩ።

«አይግባ» አለ። ከሥሩ አንድ መስመር እንግሊዝኛ አወጣ። አላነበብኩትም።

«አጥሮ ነው» ብዬ የአያቴን ስም ጨመርኩ። ስማቸው በ«ወልደ» የሚጀምር ረጅም ስም ስለሆነ ትልቅ ተስፋ ጣልኩባቸው።

«አይግባ።» ከሥሩም ያችው መስመር።

«ጋሼ፣ ቅድመ አያትም አይቅሩ!» አለ ሄኖክ የሚባል ተማሪ።

«የእናታቸው ወገን ምን በደለ?» አለች አጠገቡ ያለችው።

እኔም እውነት መስሎኝ ጨመርኩ። ሙት ዘመዶቼ ሁሉ ተሰልፈው አንድ በር መክፈት አቃታቸው።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኩ በመጨረሻ።

«እስቲ ከሥር ያለውን አንብበው» አለች ዘሃራ።

አነበብኩት። ድንበር ስለተጣሰ ፕሮግራሙ ተቋርጧል ይላል።

«ምልክቱ ከስሙ ቀጥሎ ነው ያለህ ማነው?»

«የማስተምርበት መጽሐፍ።»

«የሚደረድረው መጽሐፉ ነው እንዴ? ኮምፓይለሩ እኮ ነው!»

ልክ ነበረች። ኮምፓይለር የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ በማህደረ ትውስታው ውስጥ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥም የሚወስነው እሱ ነው። ከአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጋር የመጣው ኮምፓይለር ምልክቱን ከስሙ በፊት አስቀምጦታል። ትርፉ የሚፈሰው ወደፊት ብቻ ስለሆነ አይደርስበትም። ወደፊት ደግሞ ዘበኛ አቁሟል፤ አንድ ምስጢራዊ ቁጥር። እሱ ተነክቶ ሲገኝ ፕሮግራሙ ይዘጋል። አያቴ ያን ሁሉ ጊዜ ሲገፉ የቆዩት ዘበኛውን ነበር።

«አንተ እኮ» አለች ዘሃራ፣ «ለሰው አቅጣጫ ስትነግር አሁንም ‹ዶሮ ማነቂያ፣ ከጠጅ ቤቱ ጎን› የምትል ሰው ነህ። ሰፈሩ ፈርሷል፣ ጎረቤቱ ሄዷል፤ አንተ ግን ጎኑን ትጠቁማለህ።»

«ወላሂ እውነቷን ነው» አለ ሄኖክ። «ያን ጠጅ ቤት ስፈልግ ምኒልክ አደባባይ ደርሼ ተመልሻለሁ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዕቃዬን ሰብስቤ ስንብቴን ለመስማት ዘሃራን በር ላይ ጠበቅኋት።

«ትምህርቱ ይቆያል» አለችኝ።

«አልሠራም እኮ!»

«የሚመጣው ቅዳሜ ለምን እንዳልሠራ ታስተምራለህ። አያትህን ግን አሳርፋቸው።»

አሁን ትምህርቱን የምጀምረው ከማይከፈተው በር ነው። ተማሪዎቹ ከድሮው ይልቅ ይሄኛውን ይወዱታል፤ ያናድደኛል፣ ግን እኔም ወድጄዋለሁ።

በቀደም አንዲት አዲስ ተማሪ ደውላ ማሠልጠኛው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ከፎቶ ቤቱ ጎን…» ብዬ ጀመርኩና ጠጅ ቤቱ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል» አልኳት። «አንዴ ጠብቂኝ፤ ወርጄ ጎናችን ማን እንዳለ አይቼ ልምጣ።»